እንባው የማን ነበር

የሺ ሞታም ታለቅስ ነበር። መቶ አለቃ አብዱልሃዲ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ከሁለቱም ዓይኖቿ ወደ ጆሮዋ የወረደው እንባ ትራሱን አርሶታል፤ ፊቷ ግን ያዘነ ሰው ፊት አይደለም። በምርመራ ሥራ ብዙ አስከሬን አይቷል፣ እያለቀሰ የሞተ ሰው ግን አላጋጠመውም። ጨጓራው ወዲያው መንደድ ጀመረ።

የአብዱልሃዲን ጨጓራ ሸዋሮቢት ላይ የማያውቀው የለም። ሌላው መርማሪ ዱላ ይዞ ሲመጣ እሱ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ ይመጣል እየተባለ ይቀለድበታል። እሱ አይቆጣም። በእነዚያ ዓመታት በዱላ የተገኘ እውነት ሞልቶ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንዲህ ያለውን እውነት አይወደውም።

ጊዜው ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ድርቁ አልፎ በቀወት ሜዳ ማሽላው ዳግም ቆሟል፣ ልጆቻቸው ያልተመለሱላቸው እናቶች ግን በየቤቱ አሉ። የሺ ከአዲስ አበባ የመጣችው ለእነሱ ነበር። ዶክተር ገብረሚካኤል የሚባሉ የሥነ ልቦና መምህር በሚመሩት የጥናት ቡድን ውስጥ ሆና፣ ልጅ የቀበሩ እናቶችን እየዞረች ታዳምጣለች። ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ባልደረባዋ በላይና፣ መኪናውን የሚነዳው፣ ኦሮምኛ ሲያስፈልግም የሚያስተረጉመው የጀውሃው ሳልህ ናቸው። ወንዶቹ ሆቴል ይዘዋል። የሺ ደግሞ እትዬ ሰይዳ የሚባሉ ባልቴት ቤት ተከራይታ ነበር፤ የሞተችውም እዚያው ነው።

የወረዳው ካድሬ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ይሄ ምን ምርመራ ይፈልጋል?» አለ። «ያበላቻት ይቺ ሴት፣ የሞተችው እዚሁ። መርዛታለች። ነገ ጧት መኪና ስላለ ወደ አውራጃ እልካታለሁ።»

«ለምን ትመርዛታለች?»

«የመንግሥት እንግዳ ናት፤ ፀረ አብዮተኛ ምክንያት አያጣም። ደግሞ ልጆቿን ሁሉ ቀብራ ለብቻዋ የተረፈች ሴት ናት። ሰፈሩ ስለ ዓይኗ የሚያወራውን አልሰማህም?»

አብዱልሃዲ ሰምቷል። ፀረ አብዮተኛ ተብሎ ወደ አውራጃ የሄደ ሰው እንደማይመለስም ያውቃል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

«እስከ ነገ ጧት ግን የኔ ተጠርጣሪ ናት» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

እትዬ ሰይዳ በአንድ ጠባቂ ፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ማታ ምን በላች፣ እትዬ ሰይዳ?»

«እኔ የበላሁትን፣ ከአንድ ሳህን። ወላሂ መቶ አለቃ፣ አንቱን አልዋሽም። ሁለት ጊዜ ጎርሳ አስመለሳት። ላቧ ወረደ፣ ምራቋ አልቋረጥ አለ፣ ደረቷን ይዛ ‹አየር አጣሁ› አለችኝ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት ‹በሽታ አይደለም፣ የእናቶቹ ሐዘን ነው፣ ሲነጋ ይለቀኛል› አለች። ሲነጋማ ይኸው።»

«እንባውስ?»

«እሱማ ሰንብቷል። ከሥራ ስትመለስ ዓይኗ እየፈሰሰ ነበር የምትገባ። ጁምዓ ለት፣ ሥራ ስለማይወጡ፣ ደህና ትውላለች።»

«ከአንድ ሳህን የበሉት እርስዎንስ በእነዚህ ቀናት አሞዎት ነበር?»

እትዬ ሰይዳ ቀና አሉ። «አንቱ በምን አወቁ? ልብሷን፣ ጥቁር ነጠላዋንም ጨምሬ፣ ሳጥብላት የዋልሁ ለት ሆዴን ቆረጠኝ፣ ዓይኔም ፈሰሰ። ምች መታኝ ብዬ ዳማከሴ ታሸሁ።»

አብዱልሃዲ ተመልሶ ገባና የሟቿን የዓይን ቆብ ቀስ ብሎ ገለጠ። ብሌኗ የመርፌ ጫፍ አክላለች። እንዲህ ያለ ዓይን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይቷል፤ የት እንዳየው ግን ወዲያው አልመጣለትም።

ቡድኑ ለስብሰባ የተከራየው ክፍል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ለወባ በቅርቡ ስለተረጨ፣ እንደ ከተማው ቤት ሁሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። መስኮቱ ተዘግቶ ጨልሟል። አራት ወንበሮች ክብ ሠርተዋል፤ በአንዱ ላይ ዶክተር ገብረሚካኤል አንድ ጥቁር ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ባዶውን ወንበር ላለማየት ፊታቸውን አዙረዋል።

«የሷ ነው» አሉ ነጠላውን እየዳሰሱ። «ሐዘን ቤት ስትገባ ብቻ ትለብሰዋለች። የሐዘን ልብስ ለሰው ቤት ደግ አይደለም እያለች፣ ስትመለስ እዚህ ሚስማር ላይ ትሰቅለው ነበር።»

«የክፍሉ ቁልፍስ?»

«እኔ፣ በላይና ሳልህ አለን።»

«እዚህ ተቀምጣችሁ ምን ነበር የምትሠሩት? ከተማው ‹ሆዳቸውን የሚቆርጣቸውን እያወሩ ደመወዝ ይበላሉ› ይላችኋል።»

«ከተማው ብዙ አልተሳሳተም።» ዶክተሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚነግርህ መናገር የቻለውን ነው። ያልቻለውን በሰሚው ላይ ይጥለዋል። አንዲት እናት እየሳቀች ታወራሃለች፣ ጉሮሮህን የሚያንቅህ ግን አንተን ነው። ወይ እንቅልፍ ይጥልሃል፣ ወይ ብርድ ብርድ ይልሃል። ከየቤቱ ስንመለስ እዚህ ተቀምጠን ጆሯችን የሰማውን ሳይሆን ገላችን የሰማውን እንነጋገራለን። ‹ይህ የኔ ነው ወይስ የሷ?› ብለን እንጠይቃለን።»

አብዱልሃዲ ሳያስበው እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። ዕድሜውን ሲሾፍበት የኖረው ነገር ትምህርት ሆኖ መስማቱ ደስም አለው፣ አሳፈረውም።

«የሺስ ምን አለች?»

«‹እንባዬ ይፈሳል፣ እኔ ግን አላዘንኩም› አለች። ደጋግማ አለች። እኛም ካላዘነች እንባው የሌላ ሰው ነው አልን። ላቡንም፣ የደረቷን መጨነቅም፣ የዓይኗን ብዥታም እንደዚያው አየነው። ከምናስተምረው ጋር ልክክ አለብን።»

«መጀመሪያ እንዲህ ያለው ማን ነው?»

«በላይ ይመስለኛል። ግን ሁላችንም ተቀበልነው።» በነጠላው ጫፍ ፊታቸውን አበሱ። «እኔም ዛሬ ነጠላዋን ከለበስሁ ጀምሮ እንዲሁ ሆንሁ። ላቤ ይወርዳል፣ እንባዬ አይቆምም። በኔ ገላ የምታለቅሰው እሷ ትመስለኛለች። በላይ ‹ሐዘን ያባብሳል፣ ይስጡኝና ላቃጥለው› አለኝ። እንዴት ብዬ እሰጠዋለሁ?»

አብዱልሃዲ ጠጋ ብሎ አያቸው። በጨለማ ክፍል የሰው ብሌን ሰፋ ማለት ነበረበት። የዶክተሩ ግን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ያ ዓይን ከአካባቢው የጥጥ እርሻ የተባይ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ያጠፋ የቀን ሠራተኛ ዓይን ነው።

«ዶክተር፣ ነጠላውን አሁኑኑ ይጣሉት! ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ ‹የጥጥ መድኃኒት ነክቶኛል› ይበሏቸው፣ ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ። ለባልደረቦችዎ ግን ትንፍሽ እንዳይሉ።»

ዶክተሩ የተባሉትን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ሲገባቸው ባዶውን ወንበር አዩትና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከራሳቸው አለቀሱ።

ሳልህን መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘው።

«ጥጥ እርሻው ድረስ ማንን ወስደሃል?»

«ሁሉንም ጋሼ። መድኃኒት ረጪዎቹን ለማነጋገር ሁሉም በየተራ ሄደዋል። እኔም ወንድሜ እዚያ ስለሚሠራ እመላለሳለሁ።» ደነገጠ። «ምነው?»

«የሺ ከዚህ እንባ በፊት ሌላ ነገር ይሰማት ነበር?»

«ፍርሃት። ቀወት ውስጥ ዙሀራ የሚባሉ እናት አሉ። ‹ልጄ በወባ ሞተ› ነው ያሏት። እሷ ግን ‹አፋቸው ሐዘን ይላል፣ ገላዬ ፍርሃት ይላል› አለች። ኋላ ደግሞ ውይይቱ ላይ ‹ብቻዬን ስሄድ አልፈራም፣ ሁለት ሆነን ስንገባ ነው› አለች። እንባው የጀመራት ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ሁለተኛው ማን ነበር?»

«አንዳንዴ እኔ፣ አንዳንዴ ጋሼ በላይ።»

«ሥራ ወጥታ ደህና የዋለችበት ቀንስ የለም?»

ሳልህ ማሰብ ጀመረና ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «አለ። እትዬ ሰይዳ ልብሷን ባጠቡላት ማግስት ስታንጎራጉር ዋለች። ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ግን ጋሼ በላይ፣ ገና አፏን ሳትከፍት፣ ‹የዛሬውም እንባ የዙሀራ ነው› ብሎ ጀመረ። ‹ኧረ ዛሬስ ደህና ነኝ› ስትለው ሁላችንም ሳቅን። አላህ ይማራት፣ የሳቀችበት የመጨረሻ ቀን መሆኑን መች አወቅን።»

በላይ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ነበር። ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የተለካ ሰው ነው። ገና ሲቀመጡ «ሆድዎን ይዘዋል፣ መቶ አለቃ» አለ። «ራስዎን አያስጨንቁ። የወጣት ሞት እንዲህ ያደርጋል።»

«የሺን ምን የገደላት ይመስልሃል?»

«ከአቅሟ በላይ ትሰማ ነበር። ሐዘን ገደላት ብል ሐኪም አያምነኝም፤ እኔ ግን አምናለሁ።»

«እትዬ ሰይዳስ?»

«ያሳዝኑኛል። የራስን ልጆች ቀብሮ የሰው ልጅ በቤት ውስጥ ሲመላለስ ማየት ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ያደረገውን ሳያውቅ ሊያደርግ ይችላል። ሲቀጡም ይህ ቢታሰብላቸው ደስ ይለኛል።»

አብዱልሃዲ ከበረንዳው ሲወርድ አንድ ነገር ገረመው። ጨጓራው ዝም ብሏል። ሬሳው ዘንድ ነደደ፣ እትዬ ሰይዳ ዘንድ ነደደ፣ ከዶክተሩም ከሳልህም ጋር ነደደ። ከዚህ ሰው ጋር ብቻ እንደ ሕፃን ተባብሎ አርፎ ነበር። አንዲት ሴት በደግ ቃል ወደ ገደል ስትገፈተር እየሰማ እሱ ምቾት ተሰምቶታል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ። ይህ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ጨጓራውን ምስክር አድርጎ ካድሬው ፊት ሊያቀርበው አይችልም።

ስለዚህ ወደ ቀወት ወረደ። ዙሀራ ከደጃቸው ሆነው እሱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን መንገድ ነበር የሚያዩት።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ እናቴ።»

እሳቸውም እንዲገባ ፈቀዱለት። የነገሩትን እሱ ሰምቶ ሲወጣ የማሽላው ቅጠል ሲንሿሿ እንኳ እየደነገጠ ነበር የሄደው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ወንበሮቹ ክብ የሠሩበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ዶክተሩ ከጤና ጣቢያ ፊታቸው ገርጥቶ መጥተዋል። በላይና ሳልህ በየወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ እትዬ ሰይዳ ከጠባቂያቸው ጋር ግድግዳውን ተደግፈዋል። ካድሬው በሩ ላይ ነው። የየሺ ወንበር ባዶውን ቀርቷል፣ ማንም እግሩን ወደዚያ አልዘረጋም።

«ነገ አስከሬኑ ወደ እናቷ ይሄዳል» አለ አብዱልሃዲ። እጁ ላይ ጥቁር ነጠላ ይዟል። «ይህም አብሮ ይሂድ። እንደ ሥራችሁ ልማድ፣ እየተቀባበላችሁ የመጨረሻ ቃላችሁን በሏት።»

ዶክተሩ ተቀብለው ሳሙት። ሳልህ «አላህ ይቀበልሽ እህቴ» አለና አጥፎ ወደ በላይ ዘረጋው። በላይ እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም።

«ወንበሯ ላይ አድርገው» አለ። «እኔ አልችልም፣ በጣም ቅርቤ ነበረች።»

«ለአንድ አፍታ ብቻ» አለ አብዱልሃዲ፤ ነጠላውን ወስዶ ጭኑ ላይ ጣለለት። በላይ ወንበሩን ገልብጦ ብድግ አለ። ነጠላው መሬት ወደቀ። እጆቹን ከገላው አርቆ ይዞ፣ የሚታጠብበት ውሃ እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያውን አየ።

«አይዞህ» አለ መርማሪው። «የባለቤቴ የሩቂያ ነጠላ ነው፣ በሳሙና የታጠበ፤ ዶክተሩም ቀድሜ ስለነገርኋቸው ነው የሳሙት። የየሺ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጽሕፈት ቤቴ ይገኛል። በጥጥ ተባይ መድኃኒት የተነከረ መሆኑን ከነከረው ሰው በቀር እዚህ ክፍል ውስጥ የምናውቀው ዶክተሩና እኔ ነን። አንተ ማን ነገረህ?»

ካድሬው ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ።

«ሁላችሁም ምግቡን አያችሁ፣ በልታ ስለሞተች» ሲል አብዱልሃዲ ቀጠለ። «ነገር ግን ከአንድ ሳህን የበሉት እትዬ ሰይዳ ይኸው ቆመዋል። እንባው የጀመራትም ከእራት በፊት፣ ሥራ በወጣችበት ቀን ነው። ጁምዓ ለት አታነባም። ሥራ ስትወጣ የምታደርገው፣ ሌላ ጊዜ የማታደርገው ምንድን ነው? ነጠላውን መልበስ። እትዬ ሰይዳ የማንንም ሐዘን ሳያደምጡ፣ ነጠላውን ስላጠቡ ብቻ ታመሙ። በማግስቱ የሺ የታጠበውን ለብሳ ደህና ዋለች። ዶክተር ዛሬ ለብሰውት ታመሙ። መድኃኒቱ በቆላ ላብ ከጨርቁ ወደ ገላ ይገባል። ሽታውን የወባው መርጫ ሸፈነው።»

«እሷ ራሷ ነክራው ቢሆንስ?» አለ ካድሬው ወደ እትዬ ሰይዳ እያመለከተ።

«ነጠላው የሚያድረው እዚህ ተቆልፎ ነው፣ ቁልፍ ደግሞ የላቸውም። አንድ ጊዜ እጃቸው ገባ፣ እሱንም ንጹሕ አድርገው መለሱት። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። ዶክተር መርዙን ቢያውቁ ኖሮ በትከሻቸው አይሸከሙትም። ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ፣ የሺ ደህና በዋለችበት ቀን፣ ሳያያት ስለ እንባዋ መናገር ጀመረ። ነጠላው መታጠቡን አላወቀማ! መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል ብሎ የጠበቀ ሰው ነው። ስህተቱ ሲገባው በማግስቱ አብዝቶ ነከረው፤ በዚያው ቀን ሞተች። ዛሬ ጧት ደግሞ ላቃጥለው አለ።»

ወደ ወንበሮቹ ዞረ።

«በሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ዓይኑ የሚፈስ ሰው ሐኪም ቤት ይወሰዳል። እናንተ ግን ክብ ሠርታችሁ አዳመጣችሁት። ገዳዩ ይህን ያውቅ ነበር። እሷ እየሞተች ስትናገር እሱ ትርጉም ይሰጣል፣ እናንተ ታምናላችሁ፤ እሷም አመነች።»

«‹አላዘንኩም› ብላን ነበር» አሉ ዶክተሩ። «ገላዋን አምነን እሷን አላመንናትም።»

«ለምን?» ጠየቀ ሳልህ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ምን አደረገችህ ጋሼ?»

አብዱልሃዲ የጓዳውን በር ከፈተ። ዙሀራ ወጡ። ማንንም ሳያማክሩ የየሺ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከበላይ ላይ አልነቀሉም።

«ልጄ በወባ አልሞተም» አሉ። «በቀይ ሽብሩ ጊዜ ተራራው ላይ ካለው ከተማ፣ ከትምህርት ቤት ነው የወሰዱት። በየቀኑ ዳገቱን እየወጣሁ የማሽላ ቂጣ እወስድለት ነበር። እስር ቤቱ በር ላይ የሚቀበለኝ ይሄ ነው። ያኔ ስሙ ሌላ ነበር። ‹እናቴ አይዞሽ፣ አደርስለታለሁ› ይለኛል። እንዲህ ነበር ድምፁ፣ ለስላሳ። ልጄ ከተገደለ በኋላም ቂጣዬን ይቀበለኝ ነበር። ከየሺ ጋር ቤቴ ሲገባ ምላሴ ታሰረ። ምንም አላልኳትም። ፍርሃቴን እሷ በገላዋ አወቀችብኝ።»

«ያለ ትዕዛዝ ነው የገደሉት» አለ አብዱልሃዲ ለካድሬው። «አብረውት የነበሩት ሁለቱ በዚያው ጉዳይ ተረሽነዋል፤ እሱ ስም ለውጦ ጠፋ። የሺ ‹ሁለት ስንሆን ነው የምፈራው› ስትል ማንነቱን ለማወቅ አንድ እርምጃ ነበር የቀራት።»

ዙሀራ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጄ ከሞተ ወዲያ ያመጣሁትን ቂጣ ማን በላው?»

በላይ ከንፈሩን ላሰ።

«ርቦኝ ነበር» አለ።

ካድሬው ጠባቂውን ጠቀሰው፤ ጠባቂው ከእትዬ ሰይዳ ጎን ተነስቶ በላይን ያዘ። እትዬ ሰይዳን ሂጂ ያላቸው የለም፣ ይቅርታም የጠየቃቸው የለም። አብዱልሃዲ ራሱ ነው እስከ ቤታቸው የሸኛቸው። በመንገዱ ላይ ጎረቤቶች ከበራቸው ሆነው ያዩዋቸዋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባሉ። እትዬ ሰይዳ ማንንም ቀና ብለው አላዩም። ደጃቸው ሲደርሱ ቆሙ።

«ያ ሁሉ እንባ መድኃኒቱ ነው አሉ፣ አንቱ?»

«አዎ፣ እትዬ ሰይዳ።»

«የልጆቼን ነገር ሳወራላት ነበር የሚፈስሰው።» ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ጎተቱ። «በዚያ ዓመት ሁሉም የራሱን ሲቀብር ማን ለማን አለቀሰ? ለኔ ልጆች ያለቀሰላቸው የለም። እሷ ከሩቅ አገር መጥታ አለቀሰችላቸው ብዬ፣ በዚያ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ወስደውኝ ቢሆን እንኳ እሱን ይዤ እሄድ ነበር።»

አብዱልሃዲ ያዳናቸው በዚያው እውነት ነበር። ቢዋሻቸው ወደደ፤ አልቻለም። የሚያውቀው ሥራ መጠየቅ ብቻ ነውና ጠየቀ።

«መጀመሪያ የመጣች ለት፣ ሥራም ሳትጀምር፣ ነግረዋታል?»

«ነግሬያታለሁ። የታናሽየዋን ነገር።»

«አለቀሰች?»

እትዬ ሰይዳ ቀኝ እጃቸውን አዩት።

«አላለቀሰችም» አሉ። «እጄን ያዘችኝ። እስኪመሽ አልለቀቀችኝም።»

«እሱ የራሷ ነበር» አላቸው።

እትዬ ሰይዳ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ወደ ቤት ገቡ።